ስለ ጨረር ሕክምና፣ ስለ አንጀት ሕመምና ስለ እርጎ

በጁባ ከተማ ኮሎሎ በሚባለው ሰፈር፣ የኤምባሲዎችንና የእርዳታ ድርጅቶችን አጥር ተጠግተው ሆቴልና ምግብ ቤት፣ ሱቅና ጋራዥ ከፍተው በላባቸው ከሚያድሩት ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን መካከል፣ ወይም ጎረቤቶቻቸው ከሆኑት ከደቡብ ሱዳን ተወላጆች መካከል፣ የማኅፀን በር ወይም የፊንጢጣ፣ የፕሮስቴት ዕጢ ወይም የፊኛ ነቀርሳ የተገኘበት ሰው ሲኖርና ሐኪሙም ጨረር ያስፈልገዋል ብሎ ሲወስን፣ የቤተ ሰቡ የመጀመሪያ ምክክር ወደ የትኛው አገር ይኬድ የሚል ነው፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2011 ነፃነቷን ያወጀችው ይህች አገር እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የጨረር ሕክምና መሣሪያ ያልተተከለባት ናትና። አቅም ያለው ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ህንድ፣ ዘመድ ያለው ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው ደግሞ በኒሙሌ በኩል ወደ ካምፓላ ይሄዳል፤ ቀድሞ ሕሙማንን ይቀበል የነበረው የካርቱም ደጅ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በተነሣው ጦርነት ተዘግቷል። የሚኬድበትም ስፍራ ቢሆን ሁልጊዜ የተከፈተ በር አልነበረም፤ በካምፓላ የሙላጎ ሆስፒታል ብቸኛ የኮባልት መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሊጠገን በማይችል ብልሽት ቆሞ፣ አዲሱ በ2018 መግቢያ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ብዙ ሕሙማን ያለ ጨረር ቀርተዋል፤ በአገራችንም የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሃያ ዓመት ለሚበልጥ ዘመን ብቸኛው የጨረር ማእከል ሆኖ፣ የወረፋው ርዝመት በወራት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ ከመሣሪያው ፊት ለመቅረብ የበቃ ሕመምተኛ ራሱን ከባለ ዕድሎች ቢቆጥር፣ ቤተ ሰቡም ስለቱን ቢያስገባና አምላኩን ቢያመሰግን፣ ምክንያቱ እውነተኛ ነው።

እኔ ግን ልጽፍ የተነሣሁት ከምስጋናው በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። የጨረሩ ሕክምና በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ፣ ለአንዳንዱም ሰው ካበቃ ከብዙ ወራት በኋላ፣ አንጀት ታምሞ ሰውየውን ከመንገድና ከሥራ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከማኅበር የሚለይበት ሁኔታ ይመጣል፤ ይህንንም ሕመም ሕመምተኛው አስቀድሞ እንዲያውቀው፣ በደረሰበትም ጊዜ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚተው በገዛ ቋንቋው እንዲነገረው ማድረግ፣ ጨረሩን ከሚሰጡት ክፍሎች ግዴታ የማይለይ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህም ምክር ውስጥ፣ እናቶቻችን ለዘመናት ሲያረጉት የኖሩት እርጎ፣ ተአምር ተደርጎ ሳይወራለት፣ የድኻ ምግብ ተብሎም ሳይናቅ፣ በጥበብና በንጽሕና ተዘጋጅቶ የሚገባውን ስፍራ ሊያገኝ ይገባዋል።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት፣ ጨረር በአንጀት ላይ የሚያደርገውን ማስተዋል ያስፈልጋል። ጨረር ነቀርሳን የሚያጠፋው የሚባዛውን ሕዋስ ባሕርይ በማፍረስ ስለሆነ፣ ሳያርፍ የሚባዛ ጤናማ ሕዋስ ባለበት ሁሉ ጉዳቱ ይከተላል፤ በሰው አካል ውስጥም የአንጀትን ውስጠኛ ልባስ ያህል ቶሎ ቶሎ የሚታደስ ክፍል ጥቂት ነው። ይህ ልባስ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አሮጌውን ጥሎ አዲሱን የሚለብስ፣ ዘወትር እንደሚለቀለቅ የጭቃ ግድግዳ ያለ ነው፤ ጨረሩም የሚመታው ለቅላቂዎቹን፣ ይኸውም ከልባሱ ሥር ተቀምጠው አዳዲሱን ሕዋስ የሚያስገኙትን እናት ሕዋሳት ነው። ለማኅፀን በር ነቀርሳ እንደ ተለመደው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተከፈለ፣ ለአምስት ሳምንታት ያህል በድምሩ፣ ግሬይ በሚባለው የጨረር መስፈሪያ ከ45 እስከ 50 የሚደርስ ጨረር በዳሌ ላይ ሲወርድ፣ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ተቅማጥ፣ ቁርጠት፣ የሆድ መነፋትና ከንቱ ማማጥ ይጀምራሉ። የሚበዛው ሰው ሕክምናው ካበቃ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይሻለዋል። በሌላው ግን አንጀትን የሚመግቡት ጥቃቅን የደም ሥሮች እየጠበቡ፣ ሥጋውም እየጠነከረና እንደ ጠባሳ እየሆነ ሄዶ፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የአንጀት መጥበብ፣ ደም መፍሰስና የማያቋርጥ ተቅማጥ ይከተላል።

ይህ ዛሬ የተደረሰበት ነገር አይደለም። ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ኤክስሬይን ባገኘ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1897፣ ዴቪድ ዋልሽ የተባለ ሐኪም በእንግሊዝ አገር ስለዚሁ ጨረር በአንጀት ላይ ስላደረሰው ጉዳት ጽፏል። እንግዲህ ሐኪሞች ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሲያውቁት የኖሩት ነገር፣ ከኮሎሎ በተነሣች አንዲት ባለ ሻይ ቤት እናት ላይ እንደ ዱብ ዕዳ የሚወርድባት፣ ነቀርሳው ተመለሰብኝ ብላ ሌሊቱን በእንባ የምታድርበት ምክንያት ምንድን ነው? ዕውቀቱ ስለ ጠፋ አይደለም፤ ከሚያውቀው ወደሚታመመው የሚሻገርበት ድልድይ ስላልተሠራ ነው።

የኛም ጨዋነት ለዚህ ዝምታ የራሱን ድርሻ አዋጥቷል። ሆዴን አመመኝ ማለት ለማንም አያሳፍርም፤ ሽንት ቤት ሳልደርስ አመለጠኝ ማለት ግን ለጎልማሳ ወንድ ውርደት፣ ለተከበሩ እናት ደግሞ ከሞት የማይሻል ነውር ሆኖ ይታያል። በዚህም የተነሣ ሐኪሙ እንዴት ነዎት ብሎ ሲጠይቃቸው «ተመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላሉ፤ ሐኪሙም ብዙ ሰው ስለሚጠብቀው ደኅና ናቸው ብሎ ይጽፋል። ከካምፓላ ተነሥቶ ጁባ ለመግባት ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ መጓዝ፣ በኒሙሌም የድንበር ጣጣውን ጨርሶ የመጨረሻውን 192 ኪሎ ሜትር መሻገር ያስፈልጋል፤ አንጀቱ በየሰዓቱ የሚያስነሣው ሰው ይህን መንገድ እንዴት እንደሚጓዘው ለማወቅ የሚፈልግ፣ ከመሳፈራቸው በፊት ባለው ቀን እህል የማይቀምሱትን፣ በመንገድም ውኃ የማይጠጡትን ሕሙማን ማሰብ ይበቃዋል። ተቅማጥ ያለበት ሰው ውኃ እንዳይጠጣ ማድረግ ራሱ ሌላ ደዌ ነው።

ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ፤ በተቅማጡ ጽናት ምክንያት ሕክምናውን በመካከል የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ። ለማኅፀን በር ነቀርሳ ከአካል ውጭ የሚወርደውም ሆነ በአካል ውስጥ ገብቶ የሚሰጠው ጨረር ተደምሮ በስምንት ሳምንታት ውስጥ እንዲያበቃ ሊቃውንቱ የሚያሳስቡት፣ ጊዜው በተራዘመ መጠን ነቀርሳውን የማጥፋት ተስፋ ስለሚቀንስ ነው። እንግዲህ የአንጀትን ሕመም ማስታገሥ ለምቾት ብቻ የሚደረግ ነገር ሳይሆን፣ ሰውየው ቤቱን ሸጦ የሄደለትን ሕክምና እስከ ፍጻሜው እንዲያደርሰው የሚረዳ ሥራ መሆኑን፣ ይህን ጉዳይ እንደ ቅንጦት የሚያዩ ሁሉ ልብ እንዲሉት እለምናለሁ።

አሁን ወደ እርጎው ልምጣ። በሰው አንጀት ውስጥ ለዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ረቂቃን ተሐዋስያን እንደሚኖሩ፣ ከነርሱም የሚበዙት ጠላቶቻችን ሳይሆኑ ረዳቶቻችን እንደ ሆኑ ዛሬ ተማሪም ያውቀዋል፤ ይህን አሳብ ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ ኢሊያ ሜችኒኮቭ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው፣ በያኔው የሩሲያ ግዛት የተወለደ ሊቅ ነው፤ እርሱም በቡልጋሪያ ገበሬዎች ዘንድ ዕድሜ የሚረዝመው የረጋ ወተት ስለሚጠጡ ይሆናል ብሎ ራሱም ይጠጣው ነበር። ስለ ዕድሜው የተናገረው ከልክ ያለፈ ተስፋ ነበር፤ ወተትን የሚያረጉ ተሐዋስያን ለአንጀት ይበጃሉ የሚለው መሠረቱ ግን አልወደቀም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2001 ፕሮባዮቲክ የሚለውን ስም ሲተረጉሙት፣ በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለሰው ጤና ጥቅም የሚያስገኙ ሕያዋን ረቂቃን ተሐዋስያን ናቸው ብለዋል።

ጨረርም በአንጀት ላይ ሲወርድ የሚጎዳው ልባሱን ብቻ አይደለም፤ እነዚህንም ረዳቶች ያሳንሳቸዋል፣ ሚዛናቸውንም ያዛባል። ስለዚህ የጎደለውን ከውጭ መጨመር ይረዳ ይሆን ብለው የመረመሩ አልታጡም። በፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመው የነሳልሚነን ምርምር በዳሌያቸው ላይ ጨረር የወሰዱ 24 ሴቶችን ብቻ የያዘ ቢሆንም፣ ሕያዋን ተሐዋስያን ያሉበትን የረጋ ወተት የጠጡት ሴቶች ተቅማጥ እንደ ቀነሰላቸው አሳይቷል። በኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የነዴሊያ ምርምር ደግሞ 490 ሕሙማንን ይዞ፣ ብዙ ዓይነት ተሐዋስያን ያሉበትን ዱቄት ከጨረሩ የመጀመሪያ ቀን ጀምረው ከወሰዱት መካከል ተቅማጥ የያዛቸው ከመቶ 31.6፣ ካልወሰዱት መካከል ግን ከመቶ 51.8 እንደ ነበሩ አስታውቋል። በታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ምርምር በተለይ እኛን ይመለከታል፤ 63ቱም ሕሙማን የማኅፀን በር ነቀርሳ የያዛቸው፣ ከጨረሩም ጋር ሲስፕላቲን የተባለውን መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች ነበሩና። በዚያም ጠንከር ያለ ተቅማጥ የደረሰባቸው፣ ተሐዋስያኑን ከወሰዱት ከመቶ 9፣ ካልወሰዱት ከመቶ 45 ሆኑ።

እውነትን የሚወድ ሰው ግን ደስ የሚያሰኘውን ብቻ መርጦ አይናገርም። በስፔን እ.ኤ.አ. በ2008 በ85 ሴቶች ላይ የተደረገው ምርምር፣ በየቀኑ ሦስት ጊዜ የረጋ የወተት መጠጥ ቢሰጣቸውም የተቅማጡ ቁጥር እንዳልቀነሰ፣ የሰገራቸው ውፍረት ግን እንደ ተሻለ ነው የገለጸው። ምርምሮቹን ሁሉ በአንድነት የመዘኑት ሊቃውንትም ማስረጃው ገና የጸና አይደለም ብለዋል፤ ያም ሆኖ የካንሰር ሕሙማንን የድጋፍ እንክብካቤ የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ በዳሌያቸው ላይ ጨረር ለሚወስዱ ሰዎች ላክቶባሲለስ የሚባሉት ተሐዋስያን ያሉባቸው ፕሮባዮቲኮች ተቅማጥን ለመከላከል ይረዱ ይሆናልና ቢሰጡ መልካም ነው ሲል መክሯል። ደግሞም የተመረመረው በአብዛኛው ስሙና ቁጥሩ በታወቀ ተሐዋስ የተሞላ እንክብልና ዱቄት እንጂ የቤታችን እርጎ አይደለም፤ አንዱ የሠራውን ለሌላው መቁጠር አግባብ አይሆንም። ከተቅማጡ መጀመር አስቀድሞ ለመከላከል መውሰድና ከዓመታት በኋላ የጸናውን ሕመም ለማዳን መሞከርም የተለያዩ ናቸው፤ ከላይ የጠቀስኋቸው ምርምሮች ሁሉ የፊተኛውን የሚመለከቱ ናቸው።

ታዲያ ስለ እርጎ የምናገረው ለምንድን ነው? አንደኛውና ዋነኛው ምክንያት የማያከራክር ነው። በጨረር የተጎዳ አንጀት በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለውን ስኳር የሚፈጭበትን ኃይል ለጊዜው ሊያጣ ስለሚችል፣ ያልረጋ ወተት ተቅማጡንና መነፋቱን ሊያባብሰው ይችላል። የኛ ጎረቤት ደግሞ ደግነቱ የሚታወቅ ስለሆነ፣ ከጨረር ለተመለሰች ሴት በመጀመሪያ የሚያመጣላት ወተት የፈሰሰበት አጥሚት፣ ያልረጋም ትኩስ ወተት ነው፤ ጠጪ፣ ሰውነትሽ ይመለስ እያለ ያስጨንቃታል፣ እርሷም ፍቅሩን ላለመግፋት ትጠጣና ሌሊቱን ስትነሣ ታድራለች። እርጎ ግን የረጋበት ተሐዋስ የላክቶሱን አንድ ክፍል ቀድሞ ስለ በላው፣ የቀረውንም ለመፍጨት አንጀትን ስለሚያግዝ፣ የወተትን ጥቅም ያለ ወተት ጭንቅ ይሰጣል። ሥጋዋ ለመነመነ፣ ወጥ ለማትችል ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት የጁባ ኑሮ ነው። ከውጭ የሚመጣው እንክብል ዋጋው የሠራተኛውን ደመወዝ የሚፎካከር ከመሆኑም በላይ፣ ከዓይነቶቹ ብዙዎቹ ሕይወታቸው እንዳያልፍ በቀዝቃዛ ስፍራ መቀመጥ ያለባቸው ናቸው፤ መብራት ሁልጊዜ በማይገኝበት፣ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት ዲግሪና ከዚያ በላይ በሚደርስበት ከተማ፣ በመንገድ ስንት ቀን ፀሐይ እንደ መታው ያልታወቀ ብልቃጥ ገዝቶ የሞቱ ተሐዋስያንን መዋጥ የገንዘብ ብክነት ነው። የረጋ ወተት ግን በዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ከጁባ ወደ ሰሜን በቴሬኬካ በኩል የሚኖሩት ሙንዳሪዎች፣ ዲንካዎችና ኑዌሮችም ከብታቸውን እንደ ነፍሳቸው የሚወዱ፣ ወተትን ማርጋት የሚያውቁ ሕዝቦች ናቸው፤ የሱዳኑ ሊቅ ሐሚድ ዲራር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው፣ የሱዳንን ነባር የቦኩ ምግቦች በሚመረምረው ታላቅ መጽሐፉ ሮብ የሚባለውን የረጋ ወተትና ከእንጀራችን ጋር የሚዛመደውን ኪስራ በሰፊው ተርኳል። በኛም በኩል ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ በአገራችን የቦኩ ምግቦችና መጠጦች ላይ ለብዙ ዓመታት ያደረጉት ምርምር፣ በእርጎ ውስጥ ላክቶባሲለስ፣ ላክቶኮከስና ሉኮኖስቶክ የተባሉት ተሐዋስያን እንደሚሠሩ አስተምሮናል።

እንጀራና ኪስራ ሊጣቸው ቢቦካም በምጣድ እሳት ስለሚያልፉ ሕያዋኑ ተሐዋስያን ይሞታሉ፤ አይብም አሬራው ሲሞቅ የሚወጣ ስለሆነ እንደዚሁ ነው። ጥሩ ምግቦች ናቸው፤ ሕያዋኑን ተሐዋስያን በማስገኘት ግን እርጎን አይተኩም።

እርጎውም ቢሆን እንደ ቀድሞው ልማድ ሁሉ ሊዘጋጅ አይገባውም፤ በዚህ ላይ ያለኝን አሳብ ሳላለሰልስ እናገራለሁ። አያቶቻችን የታለበውን ወተት ሳያፈሉ በወይራ ጭስ በታጠነ ቅል ወይም ገንቦ ውስጥ አኑረው፣ በራሱ እስኪረጋ ድረስ መጠበቃቸው፣ ለጤነኛ ሰው ምንም ያህል የሚጣፍጥ ቢሆን፣ ከነቀርሳ ሕክምና ለተመለሰ ሰው አደጋ አለበት፤ ካልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ ይተላለፋሉ፣ ሌሎችም ክፉ ተሐዋስያን ወተቱ እስኪኮመጥጥ ድረስ ባለው ሰዓት ውስጥ ሊባዙ ይችላሉ። ስለዚህ ወተቱ በሚገባ ይፍላ፤ ጣት የማያቃጥል ለብታ እስኪኖረው ይቀዝቅዝ፤ ከታመነ ስፍራ የተገኘ፣ ስኳርም ፍሬም ያልተጨመረበት ሕያው እርጎ አንድ ሁለት ማንኪያ እርሾ ሆኖ ይግባበት፤ በፈላ ውኃ በታጠበ ዕቃ ተከድኖ ይቀመጥ። በጁባ ሙቀት የጧቱ ወተት ለማታ ይደርሳል። የላም ወተት ያላገኘ በካርቶን የሚመጣውን ወይም በንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ቢያደርግ ይረጋል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት የሚበቃውን ብቻ በየቀኑ ያርጋ እንጂ አያሳድረው። ሕመምተኛውም በግማሽ ስኒ ይጀምርና ሆዱ ሲቀበለው ይጨምር፤ ሚጥሚጣና ቅቤ ግን ለጊዜው ይቅሩ።

የምናገረው ለኢትዮጵያውያን ስለሆነ ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ ይከብዳል፤ ጾምስ? ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የአምስት ሳምንቱ ሕክምና ሙሉ በሙሉ በውስጡ ሊያልቅ ይችላል፤ ከበዓለ ኀምሳ በቀር ረቡዕና ዓርብም ዓመቱን ሁሉ አሉ። በነቀርሳ የተያዘ ምእመን ደግሞ ከፈጣሪው ጋር ያለውን ኪዳን ከመቼውም ይልቅ አጥብቆ የሚይዝበት ጊዜ ነውና፣ በደዌዬ ላይ የጾም ማፍረስ ኃጢአት አልጨምርም ብሎ እርጎውን ሲመልስ፣ ከድንቁርና ቆጥሮ መገሠጽ ታላቅ በደል ነው፤ እርሱ የያዘው ፍቅረ እግዚአብሔር ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለዚህ ሰው አስባለታለች። ከቀኖና ሐዋርያት ጀምሮ ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕንና ዓርብን እንዲጾም ምእመኑን ሁሉ የሚያዘው ሥርዓት፣ በሥጋ ድካም የታሰረውን ሰው ለይቶ ያወጣዋል፤ ፍትሐ ነገሥትም በዐሥራ አምስተኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ ይህንኑ ተከትሏል። ሕሙማንን ነፃ ያወጣው የዘመናችን መላላት ሳይሆን የአበው ርኅራኄ መሆኑን ሕመምተኛው ከሐኪም አፍ ቢሰማው አይረጋጋም፤ ከንስሐ አባቱ አፍ ቢሰማው ግን ነፍሱም ሥጋውም ያርፋሉ። ስለዚህ ወደ ሕክምና የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት ለንስሐ አባቱ ነገሩን ገልጦ ይንገር፤ አባቶችም በጎቻቸውን ለመጠየቅ ሲሄዱ ጸበልና ጸሎት ብቻ ይዘው ሳይሆን ይህንንም ፈቃድ በግልጽ ቃል ይዘው ይሂዱ፤ እስኪጠየቁ አይጠብቁ፤ ያፈረ ሰው አይጠይቅምና። በእስልምናም ሕመምተኛ የረመዳንን ጾም ለሌላ ቀን እንዲያዘገይ ወይም እንዲተው የተፈቀደለት መሆኑ የታወቀ ነውና፣ ይህ ምክር ለሙስሊም ወገኖቻችንም እንዲሁ ይሆናል።

የእርጎን ስም አንሥቼ የአደጋውን ስም ብሰውር ደግሞ ሕመምተኛውን አሳልፌ እሰጣለሁ። ከጨረሩ ጋር የነቀርሳ መድኃኒት በደም ሥር የሚወስድ ሰው ነጭ የደም ሕዋሱ እጅግ ሲቀንስ፣ ወይም በትልቅ የደም ሥሩ ውስጥ የመድኃኒት ቱቦ ሲኖርበት፣ ሕያው ተሐዋስ የሚባል ሁሉ፣ በጎ የተባለውም ጭምር፣ ወደ ደም ገብቶ ሊጎዳው ስለሚችል፣ ሐኪሙ ሳይፈቅድ እንክብልም እርጎም አይጀምር። ትኩሳት የያዘው፣ ደም ያየ፣ ሆዱ ተነፍቶ የሚያስታውክ፣ ከሕክምናው በኋላ ወራት አልፈው ሳለ ሌሊት ከእንቅልፉ የሚያስነሣ ተቅማጥ ያለበት ወይም ክብደቱ የሚወርድ ሰው በእርጎ እየታለለ ቤቱ አይቀመጥ፤ ከሐሞት ውኃ አለመመጠጥ የሚመጣው ተቅማጥ፣ በትንሹ አንጀት ውስጥ ተሐዋስያን ከልክ በላይ በመብዛታቸው የሚመጣውም፣ የሚደማውም የአንጀት ቁስል እያንዳንዳቸው የታወቀ ሕክምና አላቸው። በተቅማጡም ወራት ከሁሉ የሚቀድመው የፈሰሰውን ውኃና ጨው መመለስ፣ ይኸውም ከጤና ጣቢያ የሚገኘውን ኦ አር ኤስ በንጹሕ ውኃ በጥብጦ መጠጣት ነው፤ ምስሩና ሽንብራው፣ ጥሬ ቅጠላ ቅጠሉ፣ በርበሬውና ቅባት የበዛበት ወጥ ለጊዜው ቀርተው፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ለስለስ ያለ ገንፎ ቢተኩ ይሻላል። እርጎ በዚህ ሁሉ አጠገብ የሚቀመጥ ረዳት ነው። ነቀርሳውን ይነቅላል፣ ጨረርን ይተካል እያለ ዱቄትና ጠርሙስ ለሕሙማን የሚሸጥ ሰው ግን በድኻ እንባ የሚነግድ ነውና ሕግ ሊይዘው ይገባል።

እንግዲህ ልመናዬ ለብዙዎች ነው። የጨረር ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች፣ በአዲስ አበባም በጅማም በካምፓላም ያሉት፣ ሕመምተኛው በመጀመሪያው ቀን ከመሣሪያው በታች ከመተኛቱ በፊት፣ ስለ አንጀቱ የሚነግር አንድ ገጽ ወረቀት በሚያነበው ቋንቋ እንዲሰጡት እለምናለሁ፤ ለኛ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ለጁባ ሰው በዐረብኛ፣ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ቃል በቃል በሚያነብለት ሰው አማካይነት። ነርሶችም ደኅና ነዎት ወይ ብለው ሳይሆን፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሡ ብለው ይጠይቁ፤ ቁጥር የተጠየቀ ሰው ማፈሩን ይረሳል። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የምግብና የሕክምና ሊቃውንት በአንድነት ተቀምጠው፣ ከፈላ ወተትና ከታወቀ እርሾ የተዘጋጀውን የአገራችንን እርጎ በጨረር ሕሙማን ላይ በሥርዓት ይመርምሩት፤ ፊንላንድና ታይላንድ የገዛ ሕሙማናቸውን ጠይቀው መልስ ካገኙ እኛ ከነርሱ የምናንስበት ምክንያት የለም።

በኮሎሎና በመላው ጁባ ምግብ ቤት የከፈታችሁ እኅቶችና ወንድሞች ደግሞ፣ ከጨረር የተመለሰ ወገን በሰፈራችሁ እንዳለ ስትሰሙ፣ ክትፎና ትኩስ ወተት ይዛችሁ ከምትሄዱ፣ ወተቱን አፍልታችሁ በንጹሕ ዕቃ ያረጋችሁትን እርጎ፣ ቀለል ያለ የሩዝ ምግብና ሁለት ፓኬት ኦ አር ኤስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመሄዳችሁም በፊት ሐኪሙ ምን እንደ ፈቀደላቸው ጠይቁ፣ ከሽንት ቤት በራቀ ስፍራ እንዲቀመጡም አታስጨንቋቸው።